ፊልሙ ትንሽ ሄዶ ይወጠርብኛል፤ ጠንካራ ሞተር ልግዛ?

ጥያቄው የተነሳው አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄና መልሱን፣ የከፈተው የአዳማ ልጅ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። አጎቱ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያነሷቸው የሱፐር 8 ፊልሞች (8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቤት ፊልም) ከአንድ ሻንጣ ወጥተው እሱ እጅ ገቡ። ሳጥኖቹ ላይ እንደተጻፈው ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ባቡር ጣቢያውም አለ። ፕሮጀክተር የለውም። ቢያገኝም አያምነውም፤ የፕሮጀክተር ጥርስ የደረቀ ፊልም ሊቀድበት ይችላል። ስለዚህ ፊልሙን ፍሬም በፍሬም፣ አንድ አንዱን ምስል በካሜራ እያነሳ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ስካነር ራሱ ሠራ።

ያለውን ዕቃ ዘርዝሯል። ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር)፣ የሶኒ አይኤምኤክስ 477 ሴንሰር ያለው ባለ12.3 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ አርዱይኖ (ሞተሮቹን የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ ነጭ የኤልኢዲ መብራት፣ ሁሉም ጣውላ ላይ የተገጠመ። በሁለቱ ሪሎች፣ በፊልም መጠቅለያዎቹ ላይ፣ አንድ አንድ ስቴፐር (በተቆጠረ እርምጃ የሚዞር) ሞተር አለ። አራት ባለ50 ጫማ ጥቅሎችን ቀጣጥሎ በአንድ ባለ200 ጫማ ሪል ላይ አድርጓቸዋል። ሲጀምር የሁለቱን ሞተሮች ፍጥነት በዓይኑ ያስተካክላል። ጥሩ ይሄዳል። ቆይቶ ግን ፊልሙ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል፣ ምስሉ ይዘላል። አንዴ ቅጥያው ላይ ተበጥሶበታል። የሱ ድምዳሜ ሞተሩ አቅም አንሶታል የሚል ነው። የቱ እንደሚሻል ጠየቀ።

እኔ ክሩን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ረጅም ነው፤ ጥሩ ቁም ነገርም አለው፣ የማያስፈልግ ንትርክም አለው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ በየቁጥሩ አወጣሁት።

1ኛው መልስ ሰጪ በጣም ትሑት ሰው ነው። በመጀመሪያ ልጁን አመሰገነ፣ በእንዲህ ዓይነት ነገር የሚደክም ወጣት ማየት እንዳስደሰተው ጻፈ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። እሱ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ሲሠራ ስቴፐሩ እርምጃ ይዘልበት ነበር። ከ12 ወደ 24 ቮልት ከፍ አድርጎ፣ ረዘም ያለ ሞተር ገዝቶ ተገላገለ። ልጁም እንዲሁ ያድርግ ሲል መከረ።

2ኛው ይህን በሒሳብ አፈረሰው። አነጋገሩ የመምህር ነው፣ ሰው አላስቀየመም። ባለ200 ጫማ ሪል ባዶውን መሃሉ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ሲሞላ 12 ይደርሳል። ባዶው ሪል አንዴ ሲዞር 12.6 ሳንቲ ሜትር ፊልም ይጠቀልላል። ሙሉው አንዴ ሲዞር 37.7 ሳንቲ ሜትር ይለቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚጠቀልለው ሪል ሦስት ጊዜ መዞር አለበት፣ የሚፈታው አንዴ ሲዞር። እኩሌታው ላይ አንድ ለአንድ ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በዓይን የተስተካከለ ፍጥነት ልክ የሚሆነው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠቀልለው ከሚፈታው በላይ መሳብ ይጀምራል። ጠንካራ ሞተር ቢገዛ ፊልሙ ቶሎ ይበጠሳል እንጂ አይድንም።

በእኔ ግምት ጥያቄው እዚህ ላይ ተመልሷል። የቀረው ምን ይደረግ የሚለው ነው።

3ኛው ብዙ ዓመት ቴፕ የጠገኑ ሰው ናቸው። በወጋቸው መሃል ቁልፉን ነገር ጣል አደረጉ። የካሴት ቴፕ ሪሎቹን ለፍጥነት አይጠቀምባቸውም። ፍጥነቱን የሚይዘው መሃል ላይ ያለው ቀጭን ብረትና እሱን የሚጫነው የጎማ ሮለር ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ያሳልፋል። የሚጠቀልለው ሪል ከሥሩ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አለው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይስባል፣ ከልኩ ሲያልፍ ይንሸራተታል። ትልልቆቹ የሪል ቴፖች ደግሞ ሦስት ሞተር ነበራቸው። የሚፈታው ሪል ሞተር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ቴፑ ግን እሱን አሸንፎ ወደ ፊት ይሄዳል። ልጁ ይህንኑ ቢያደርግ ይበቃዋል ባይ ናቸው። ቀጥለው አንድ ደንበኛቸው ካሴት ውስጥ ማር አፍስሶ ስላመጣበት ቀን ጻፉ። ረጅም ታሪክ ነው፣ ያስቃል፣ ከጉዳዩ ጋር ግን አይገናኝም።

4ኛው ሲመጣ ነገሩ ከረረ። ይህ ሰው ያውቃል። ችግሩ ማወቁን ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት መፈለጉ ነው። ስቴፐር በሪል ላይ ማሰር ካለማንበብ የሚመጣ ነው ሲል ጀመረ። ስቴፐር እልኸኛ ነው፤ የታዘዘውን እርምጃ ይሄዳል ወይም እርምጃ ይዘላል፣ ምን ያህል ኃይል እየሳበ እንደሆነ አያውቅም። ሁለት እልኸኛ በአንድ ፊልም ጫፍና ጫፍ ካሰርክ የሚበጠሰው ፊልሙ ነው። ፍጥነት የሚወስነው አንድ ሞተር ብቻ ይሁን፤ እሱም መሃል ላይ ያለው። በሪሎቹ ላይ ተራ የዲሲ ሞተር ይግባ፣ ሥራቸው መወጠር ብቻ ይሁን። የዲሲ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ ከከረንቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ከረንቱን የያዘ ውጥረቱን ያዘ። በመጨረሻ 1ኛውን መልስ ሰጪ በእንጨት ሥራው እንዲቆይ መከረው።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ ይህ ከ3ኛው መልስ ጋር አንድ ነው። ሽማግሌው በወግ የነገሩትን እሱ በቁጣ ደገመው።

5ኛው የ1ኛው ሰው ምላሽ ነው። አንድ መስመር ናት። ለመርዳት እንደሞከረና ስድብ እንዳልጠበቀ ገለጸ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

6ኛው ላይ ባለ ጥያቄው ልጅ ብቅ አለ። ምክሩን ተቀብሏል። እጁ ላይ ከተማሪዎች የሮቦት መኪና የተረፉ ቢጫ የጥርስ ሳጥን ያላቸው ትንንሽ ሞተሮች አሉ። ይሆናሉ ወይ? ከረንቱንስ በምን ይያዝ? ብዙ ወጪ አይችልም።

7ኛው ያው ቁጡ ሰው ነው፤ ግን ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ይህን አልነሳውም። ቢጫዎቹ አይሆኑም። የጥርስ ሳጥናቸው 1 ለ48 ነው። ከሪሉ በኩል ወደ ኋላ ሲዞሩ ይከብዳሉ፣ ይንገጫገጫሉ፤ ያ መንገጫገጭ ፊልሙ ላይ ይታያል። ከተጣለ ፕሪንተር የሚወጣ፣ ጥርስ ሳጥን የሌለው፣ በጣት ሲዞር ለስላሳ የሆነ ሞተር ይሻላል። ለከረንቱ ኤልኤም 317 የምትባለው ባለሦስት እግር ክፍል ትበቃለች። ማንኛውም ጠጋኝ ዘንድ አትጠፋም። 1.25ን ለሬዚስተሩ ኦም ማካፈል ነው፤ 12 ኦም ቢገባ 0.1 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ሪሉ ቢቆምም ቢዞርም ከረንቱ ከዚያ አያልፍም። የቆመ ሞተር ይቃጠላል የሚለው ስጋት በዚህ ከረንት አይሠራም።

8ኛው መምህሩ ናቸው፣ የ2ኛው መልስ ባለቤት። በጨዋ ቋንቋ የቁጡውን ሰው ክፍተት አሳዩ። ከረንቱ ቋሚ ሲሆን የመጠምዘዝ ኃይሉ ቋሚ ይሆናል። ውጥረቱ ግን ቋሚ አይሆንም። ውጥረት ማለት የመጠምዘዝ ኃይሉ ለሪሉ ግማሽ ስፋት ተካፍሎ ነው። ሪሉ ሙሉ ሆኖ ግማሽ ስፋቱ 6 ሲሆንና ባዶ ሆኖ 2 ሲሆን ያው ሞተር ሦስት እጥፍ የተለያየ ውጥረት ይሰጣል። ያውም በሁለቱ ሪሎች ላይ በተቃራኒው። መጀመሪያ ላይ የሚጠቀልለው የሚፈታውን ሦስት እጥፍ ይበልጠዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚፈታው ይበልጣል። ያን ልዩነት ሁሉ የሚሸከመው መሃል ያለው የጎማ ሮለር ነው። ልዩነቱ ከጎማው ጭብጠት ካለፈ ፊልሙ ይንሸራተታል፣ ፍሬም ይዘለላል።

9ኛው ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው፤ ብስጭቱን ተሻግሮ ለሚያነብ። ቁጡው ሰው መምህሩን ልክ ናቸው አላለም። እንዲያውም ይህን ሁሉ ሊጽፍ እንደነበረ፣ ሰው ግን ትዕግስት እንደሌለው አስታወቀ። ከዚያ መፍትሔውን አስቀመጠ። በሪሉ ጎን ትንሽ ማግኔት ይለጠፍ፣ ፊት ለፊቱ ማግኔት ሲያልፍ የሚያውቅ ሆል ሴንሰር ይቀመጥ። ሪሉ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር አርዱይኖው ያውቃል። በዚያ ዙር ውስጥ መሃል ያለው ስቴፐር ስንት እርምጃ እንደሄደም ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ዙር ስንት ሳንቲ ሜትር ፊልም እንዳለፈ ያውቃል፤ ያም የሪሉ ዙሪያ ልኬት ነው። ዙሪያው 12.6 ሲሆን የሚሰጠውን ኃይል፣ 37.7 ሲደርስ ሦስት እጥፍ ያድርገው። ውጥረቱ እንዳለ ይቆያል። ለዚህ ቋሚዋ ኤልኤም 317 አትሆንም፤ በሞስፌት (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ቶሎ ቶሎ ማብራት ማጥፋት ይጠይቃል።

ቮልቴጁን እንጂ ከረንቱን አትቆጣጠርም የሚል እንደሚመጣ አውቆ ቀድሞ መለሰ። በሰከንድ 2 ፍሬም ሲነሳ ፊልሙ በሰከንድ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ባዶው ሪል አንዴ ለመዞር 15 ሰከንድ፣ ሙሉው 45 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሞተሩ የቆመ ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት ከሞተሩ ተመልሶ የሚመጣ ቮልቴጅ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከረንቱ ቮልቴጁን ይከተላል።

ይህን የመሰለ መልስ የጻፈ ሰው ትንሽ ቢለሰልስ ምን ነበረበት?

10ኛው የምህንድስና ተማሪ ነው፣ እዚያው አዳማ። ይህ ሁሉ ግምት ስለሆነ መለካት ይሻላል ብሎ ያምናል። በሞላ የተያዘ ተንቀሳቃሽ ክንድ፣ ጫፉ ላይ ሮለር፣ ሥሩ ላይ ከድሮ ራዲዮ የወጣ ቮልዩም። ፊልሙ ሲወጠር ክንዱ ይነሳል፣ ሲላላ ይወርዳል። አርዱይኖው ቮልዩሙን አንብቦ የሪሉን ሞተር ያስተካክላል። ሦስት ቁጥሮች ያሉት የመቆጣጠሪያ ቀመርም አስቀመጠ። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ልጁ ግን እንዳልገባው ከዝምታው ያስታውቃል።

11ኛው ሳቀበት። ያን ክንድ እሱም ሞክሮት ክንዱ እስክስታ እንደወረደ ነገረ። አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሁለት ቀላል የፍሬን ቁራጮች ይበቃሉ ባይ ነው።

12ኛው ላይ የቴፕ ጠጋኙ ጋሼ አስታረቁ። ክንዱ ሞላ ሳይሆን ክብደት ይኑረው። ሮለሩ ፊልሙን ወደ ታች አጥፎት በነፃ ከተንጠለጠለ፣ 100 ግራም ክብደት በግራና በቀኝ ባለው ፊልም ላይ 50፣ 50 ግራም ይደርሳል። ውጥረቱን የሚወስነው ክብደቱ እንጂ ሮለሩ ያለበት ቦታ አይደለም። ሮለሩ ትንሽ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል ፊልሙ አይጎዳም። ስለዚህ ሞተሩ ቦታውን በግምት ብቻ ቢጠብቅ ይበቃዋል፤ ረቂቅ ቀመር አያስፈልግም። ተማሪው ይህን በአክብሮት ተቀበለ፣ 13ኛው መልስ የእሱ ምስጋና ነው።

ከ14 እስከ 19 ያለውን ባልፈው ማንም አይጎዳም። አንዱ የሠርጉን ቪኤችኤስ ካሴት በዚህ ማሽን ማስገልበጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይቻልም፤ እሱ የማግኔት ቴፕ ነው፣ ምስሉ በዓይን አይታይም። ሌላው ካሜራው ስንት እንደተገዛ ጠየቀ፣ ዋጋው ሲነገረው ደነገጠ። አንድ የሐዋሳ ሰው አዳማ በዚያ ሁሉ ንፋስና አቧራ ፊልም ማንሳት ድፍረት መሆኑን ተናገረ። አዳሜዎች ዝም አላሉም። ንፋሳቸው ተርባይን እንደሚያዞር፣ መብራትም እንደሚሰጥ አስታወሱት። እሱም መብራቱ የት እንዳለ ጠየቃቸው። ከዚያ ወደ ዓሣ ጥብስ ተሻገሩ። ስለ አቧራው ግን ሰውየው እውነት አለው፤ በር ዘግቶ፣ ጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ መሥራት ይሻላል።

20ኛው ክሩን ወደ ቁም ነገር መለሰው። ጸሐፊዋ በወጣትነታቸው 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይቆርጡና ይቀጥሉ የነበሩ እናት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። ስለ ሞተር ከማውራት በፊት ሳጥኑን ከፍቶ ማሽተት እንደሚገባ አሳሰቡ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ አሲቴቱ፣ ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ እየፈረሰ ነው። ያ ፊልም ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ይደርቃል። የሱፐር 8 ቀዳዳዎች በ4.23 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ ፊልሙ ሲኮማተር ያ ርቀት ይቀንሳል፣ የማሽን ጥርስ ቀዳዳውን ይስታል። ጥርስ የሌለው የጎማ ሮለር የተመረጠው ለዚህም ነው። ሽታው መድኃኒት የለውም፤ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። የሚሸተው ከማይሸተው ይለይ፣ ጋዙ ወደ ጤነኛውም ይተላለፋል። መጀመሪያ ስካን የሚደረገውም የሚሸተው ነው።

አንድ ብልሃትም ጨመሩ። ጥቅሉን ከጎኑ ብርሃን ላይ ይያዘው። ብርሃን አሳልፎ ካበራ ፖሊስተር (ሌላ ዓይነት፣ ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው፣ ከጨለመ አሲቴት ነው። የኮዳክ ሱፐር 8 ባብዛኛው አሲቴት ነው፣ የፉጂ ሲንግል 8 ግን ፖሊስተር። አሲቴት ሲወጠር ራሱ ይበጠሳል። ፖሊስተር አይበጠስም፤ የሚሰበረው ማሽኑ ነው። እኔ ይህን የብርሃን ነገር አላውቀውም ነበር፤ ቤት ባለ ጥቅል ሞከርኩት፣ ይሠራል።

21ኛው ላይ ልጁ እትዬን አመስግኖ፣ ከሁለት ሳጥን ኮምጣጤ እንደሚሸት አመነ።

22ኛው ያልተጠበቀውን፣ ግን ሁላችንም የምናውቀውን ችግር አነሳ። ባለ200 ጫማ ሱፐር 8 ላይ 14,400 ፍሬም አለ። በሰከንድ 2 ቢነሳ 2 ሰዓት ይፈጃል። በ2 ሰዓት ውስጥ መብራት ቢሄድስ? ሦስቱም ሞተሮች ባንዴ ይለቃሉ፣ ክብደት ያለው ሮለር ይወድቃል፣ ፊልሙ ወለል ላይ ይፈሳል። ስለዚህ በሁለቱም ሪሎች ሥር ቀለል ያለ የፌልት (የወፍራም ሱፍ ጨርቅ) ፍሬን ይኑር፣ ያለ መብራት የሚሠራ። የባሰው ግን መብራት ሲመለስ ነው። የሪሎቹ ሞተሮች ከመሃለኛው ቀድመው ከተነሱ ፊልሙን ወደ አንድ በኩል ይነጥቁታል። አርዱይኖው ሲነሳ በመጀመሪያ መሃለኛውን ስቴፐር ያስይዝ፤ ከዚያ የሪሎቹን ኃይል ከዜሮ ቀስ አድርጎ ያሳድግ። ይህን የጻፈው 11ኛው ሰው ነው፣ ያው በክንዱ የሳቀው። ፍሬን ይበቃል ሲል ለካ ምክንያት ነበረው።

23ኛው ቁጡው ሰው ነው፤ ኃይል ቀስ አድርጎ ማሳደግን እንኳ የማያውቅ ሰው ማሽን እንዳይነካ አዘዘ። 24ኛው የመድረኩ ኃላፊ ማስጠንቀቂያ ነው። 25ኛው ተሰርዟል፤ ምን እንደነበረ መገመት አይከብድም።

26ኛው የልጁ ሪፖርት ነው። ስቴፐሮቹን ከሪሎቹ ላይ አንስቶ አንዱን መሃል ላይ ከፕሪንተር የወጣ የወረቀት መሳቢያ ጎማ አልብሶ ተከለ። የጎማውን እንብርት ቶርኖ ቤት አስተካከለ። በሪሎቹ ላይ ሁለት የፕሪንተር ዲሲ ሞተር፣ ማግኔቱና ሆል ሴንሰሩ፣ ሥራቸው ላይ ፌልት። ክንዱን በአንድ በኩል ብቻ፣ ከሚፈታው ሪል ቀጥሎ አደረገው። በማያስፈልግ ፊልም ሞከረ፤ ውጥረቱን ከትንሽ ጀምሮ፣ ፊልሙ በምስል በሩ፣ ካሜራው በሚያነሳበት ቦታ፣ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ እስኪያልፍ ብቻ ጨመረ። ባለ200 ጫማው ሳይበጠስ አለቀ። አሁን ያለው ችግር ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ላይ መንሸራተቱ ነው።

27ኛው ተማሪው ነው፣ በዚህኛው ግልጽ አድርጎ አስረዳ። ጎማው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ዙሪያው 62.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስቴፐሩ በዙር 3,200 ጥቃቅን እርምጃ ይሄዳል። ለአንድ ፍሬም 215 ተኩል ግድም ይደርሳል። ግማሽ እርምጃ የለም። በየፍሬሙ የሚቀረው ግማሽ ሲጠራቀም በ100 ፍሬም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያም የፍሬሙ ሩብ ነው። ይህ የውጥረት ችግር አይደለም፣ ሞተር በመለወጥም አይድንም። ሱፐር 8 ላይ ቀዳዳው ከፍሬሙ ጎን መሃል ላይ ስለሆነ ካሜራው ራሱ ያየዋል። በየምስሉ ቀዳዳው የት እንዳለ ተለክቶ ቀጣዩ እርምጃ ይታረም፤ 214 ወይም 217 ቢሆን ምንም አይደለም። የተኮማተረውም ፊልም በዚሁ ይስተካከላል።

28ኛው የቁጡው ሰው ነው። ኃላፊው ካስጠነቀቀው በኋላ የጻፈው አጭር ነው። ቅጥያዎቹ ድርብ ውፍረት ስላላቸው ጎማው ሥር ሲያልፉ ርቀቱን ያስቱታል። ቅጥያ ባለበት ቦታ ላይ ቀዳዳው ከጠፋ ማሽኑ ይቁም እንጂ ፍለጋ ወደ ፊት አይሩጥ። የድሮውን ስኮች ደግሞ ልጁ አንስቶ በአዲስ ይቀጥለው፤ ማጣበቂያው ጎማው ላይ ከቀረ የሚቀጥለው ሪል ሁሉ ይቆሽሻል።

29ኛው ላይ ልጁ የትኛው ስኮች እንደሚሆን ጠየቀ። እትዬ መለሱ፦ የቢሮ ስኮች አይሆንም፣ ሙጫው በጊዜ ብዛት ይፈሳል፤ ለፊልም ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፣ ቀዳዳውን እንዳይሸፍን አድርጎ።